ፓጉ ለምን ያንኮራፋል? የውሻ ዝርያ፣ አካልና እንክብካቤ

ለውሻ አሳዳጊዎችና ውሻ ለማሳደግ ለሚያስቡ ሰዎች የቀረበ ንግግር

እንደምን ዋላችሁ? ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

በአንድ ፓግ ልጀምር። የሦስት ዓመት ውሻ ነው፤ ስምንት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። አሳዳጊው በዕድሜ ገፋ ያሉ እናት ናቸው፤ ለክትባት ነው ያመጡት። ምርመራ ጠረጴዛው ላይ እንዳስቀመጥነው እንቅልፍ ወሰደው። ልብ በሉ፣ ቁጭ እንዳለ ነው። ጭንቅላቱ ቀስ እያለ ወደ ፊት ያዘነብላል። ያንኮራፋል። ከዚያ ድንገት ብንን ይላል። ዓይኑን ያፈጣል፣ ምራቁን ይውጣል፣ እንደገና ያዘነብላል። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ዶክተር፣ ቤትም እንዲሁ ነው። ከልጆቼ አባት ይብሳል» አሉኝ እሳቸውም።

«ተጋድሞ ይተኛል እማማ?» አልኳቸው።

«ኧረ አይወድም። ወይ ቁጭ ብሎ ነው፣ ወይ አገጩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ነው።»

አንጀቴን በላው። ውሻው መጋደም ስለማይወድ አልነበረም። ስለማይችል ነው። ሲጋደም ጉሮሮው ይዘጋል። እንቅልፍ ሲወስደው አየር ያጥረዋል፣ አየር ሲያጥረው ይነቃል። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነው ያደረው።

አፍንጫውን ጠጋ ብዬ አየሁት። ክብ ቀዳዳ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ያለው ቀጭን ስንጥቅ ነው። አየር ሲስብ የስንጥቁ ጠርዝ ወደ ውስጥ ይሰበሰብና ጭራሽ ይዘጋል። ይህን ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። እቤታችሁ ፓግ ወይም ፍሬንች ቡልዶግ ካለ ዛሬ ማታ እዩት።

እንዲህ ነው የሆነው። ፓግን፣ ቡልዶግን፣ ፍሬንች ቡልዶግን፣ ፔኪኒዝን አስቡ። ጠፍጣፋ ፊት ያላቸው እየተመረጡ ሲዳቀሉ የራስ ቅላቸው አጠረ። ምላሱና ላንቃው ግን አብረው አላጠሩም። ሰፊ ፍራሽ ጠባብ ሳጥን ውስጥ እንደ ማጨቅ ነው። ትርፉ ሥጋ የት ይሂድ? ወደ ኋላ ሄዶ ጉሮሮው አፍ ላይ ይንጠለጠላል። የምንስቅበት ድምፅ ያ ሥጋ በትንፋሽ ሲርገበገብ የሚያወጣው ነው።

ነገሩ በእንቅልፍ አያበቃም። ውሻ እንደ እኛ በቆዳው አያልበውም። ከመዳፉ ሥር ጥቂት ላብ ይወጣል እንጂ ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። ምላሱና አፍንጫው ውስጥ ያለው እርጥበት ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይወጣል። አፍንጫው የተጨፈለቀ ውሻ ይህ ማቀዝቀዣ በደንብ አይሠራለትም። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። 41 ካለፈ የውስጥ አካላቱ መጎዳት ይጀምራሉ። ለሌላ ውሻ ተራ የሆነ የቀትር ሩጫ ለቡልዶግ የሞት አፋፍ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እነዚህን ውሾች የምታሳድጉ፣ አደራችሁን፣ የእግር ጉዞው በማለዳ ወይም ፀሐይ ስትበርድ ይሁን። የአንገት ማሰሪያውን ትታችሁ ደረት ላይ የሚታሰረውን ተጠቀሙ። አታወፍሩት፤ ስብ ጉሮሮውንም ያጠበዋል። የፊቱን እጥፋት በየቀኑ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ አድርቁት፤ እዚያ ውስጥ እርጥበት ከቆየ ቆዳው ይቆስላል። ዓይናቸው ወጣ ያለ ስለሆነ በቀላሉ ይጫራል። አንዱን ዓይኑን ጨፈን ካደረገ «ነገ እናየዋለን» አትበሉ። ድዱ ወደ ሰማያዊ ካደላ ወይም እየተራመደ ከተዝለፈለፈ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ እያፈሰሳችሁበት፣ አየር እየሰጣችሁት ወደ ሐኪም ሩጡ።

ፓጉን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። አሁን ግን ለምን በእሱ እንደጀመርኩ ልንገራችሁ። ሰው ውሻ ሲመርጥ በመልኩ ነው የሚመርጠው። ዓይን አዋጅ ይሆንበታል፤ ይሄ ፀጉሩ፣ ያኛው ጆሮው፣ ሌላው ፊቱ። ነገር ግን ዓይናችንን የሳበው ያ መልክ ራሱ ዕድሜ ልክ የሚቆይ ሥራ ይዞ ይመጣል። ረጅም ጆሮ ሥራ አለው። አጭር እግር ሥራ አለው። ወፍራም ፀጉር ሥራ አለው። አካሉን ማንበብ ከቻልን ምን እንደሚፈልግ ራሱ ይነግረናል።

ውሻ ከሰው ጋር መኖር ከጀመረ ቢያንስ 14 ሺህ ዓመት ሆኖታል። ዛሬ በስም የምንጠራቸው ዝርያዎች አብዛኞቹ ግን የሁለት መቶ ዓመት ዕድሜ እንኳ የላቸውም። የመጀመሪያው ዘመናዊ የውሻ ውድድር የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1859 እንግሊዝ አገር፣ ኒውካስል ላይ ነው። የውሻ ዝርያዎችን የሚመዘግበው የእንግሊዙ ማኅበር፣ ኬነል ክለብ፣ እ.ኤ.አ. በ1873 ተመሠረተ። ከዚያ በፊት ውሻ በዋናነት የሚመረጠው በሥራው ነበር፤ ይጠብቃል፣ ያድናል፣ መንጋ ይነዳል። ከዚያ ወዲህ መልክ ሚዛን ደፋ። ዓለም አቀፉ የውሻ ዝርያዎች ፌዴሬሽን ዛሬ ከ350 የማያንሱ ዝርያዎችን ይመዘግባል። በዚህ አጭር ጊዜ ውስጥ ነው ሁለት ኪሎ የሚመዝነው ቺዋዋና ሰባ ኪሎ የሚመዝነው ግሬት ዴን አንድ ዓይነት እንስሳ ሆነው እንዲህ የተራራቁት።

መጠንን ካነሳን አይቀር፣ ትልቅ ውሻ ቶሎ ያረጃል። በሌሎች እንስሳት ትልቁ ረጅም ዕድሜ ይኖራል፤ ዝሆን ከአይጥ ይበልጣል። በውሾች መካከል ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ቺዋዋ 14 እና 15 ዓመት መኖሩ የተለመደ ነው። ግሬት ዴን ግን ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ከኖረ ጥሩ ኖረ ይባላል። ይህን ቀድሞ ማወቅ ለልብም ይጠቅማል።

የትልልቅ ዝርያ ቡችሎች ላይ ሰዎች በቅንነት የሚሠሩት ስህተት አለ። «አጥንቱ እንዲጠነክር» ብለው ካልሲየም ይጨምሩለታል። ቡችላ ግን የበዛውን ካልሲየም አልፈልግም ብሎ የሚመልስ አንጀት የለውም። የተሰጠውን ይወስዳል። ውጤቱ የተጣመመ እግርና የሚያም መገጣጠሚያ ነው። ለትልልቅ ዝርያ ቡችሎች ተብሎ የተዘጋጀ ምግብ ካገኛችሁ ምንም መጨመር አያስፈልግም። በፍጥነት አያድግ፤ ቀስ ይበል። አጥንቱ አድጎ እስኪጨርስ፣ ማለትም አንድ ዓመት ተኩል ገደማ እስኪሞላው፣ ረጅም ሩጫና ደረጃ ላይ መዝለል ይቅርበት።

እንደ ግሬት ዴን ደረታቸው ጥልቅ የሆነ ውሾች ሌላም አደጋ አለባቸው። ጨጓራው በአየር ተነፍቶ ይዞራል፤ ልክ እንደተጠመዘዘ ከረጢት መግቢያውም መውጫውም ይዘጋል። ምልክቱን አስታውሱት። ውሻው ሊያስታውክ ይታገላል፣ ምንም አይወጣለትም። ይንቆራጠጣል። ሆዱ ይወጠራል። ይህን ካያችሁ ሌሊትም ቢሆን፣ በዓልም ቢሆን ወዲያው ሐኪም ዘንድ። ጊዜው በሰዓታት የሚቆጠር ነው። ጨጓራውን ከሆድ ግድግዳ ጋር የሚያያይዝ የመከላከያ ቀዶ ሕክምና አለ። ግሬት ዴን ያለው ሰው ሐኪሙን ስለዚህ ቢያማክር እመክራለሁ።

በትንንሾቹ ዘንድ ደግሞ ጣጣው ሌላ ነው። ውሻ ሲያድግ 42 ጥርስ አለው፤ ቺዋዋም 42፣ ግሬት ዴንም 42። ያን ሁሉ ጥርስ በቺዋዋ አፍ ውስጥ አስቡት። ይጨናነቃል፣ ምግብ ይይዛል፣ ድዱ ይታመማል። በየቀኑ ጥርሱን መቦረሽ ቅንጦት አይደለም። የጥርስ ሳሙናው ግን የሰው መሆን የለበትም፤ አንዳንዱ ውስጥ ያለው ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ውሻን ይገድላል። ዮርክሻየር ቴሪየርና ፖሜራኒያን የአየር ቧንቧቸው ደካማ ስለሆነ አንገታቸው ላይ አትሰሩባቸው። የቺዋዋ ቡችላ ምግብ ሲዘልል የደም ስኳሩ ቶሎ ይወርዳል። ስለዚህ ጥቂት ጥቂት፣ በየጥቂት ሰዓቱ ይብላ።

አሁን ወደ ፀጉር ልምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ ነው፤ ምክንያቱም በጣም የሚያሳዝነኝ ስቃይ የሚመጣው ከዚህ ስለሆነና በቀላሉ ልንከላከለው ስለምንችል ነው።

የፑድል ፀጉር እንደ ሰው ፀጉር ዝም ብሎ ያድጋል። ሲረግፍም መሬት ላይ አይወድቅም፤ እዚያው ጥቅልሉ ውስጥ ይቀራል። ሰዎች «ፀጉሩ ቤት አያቆሽሽም» ብለው ይወስዱታል። እውነት ነው፣ አያቆሽሽም። የረገፈው ፀጉር ግን ከበቀለው ጋር እየተጠላለፈ ይቋጠራል።

አንድ ጊዜ አንዲት ፑድል መጣችልኝ። ከላይ ስታይዋት ለስላሳ ናት። አሳዳጊዋ ወጣት በየቀኑ ይቦርሻት ነበር፤ አልዋሸም። ጣቴን ወደ ውስጥ ስሰድ ግን ቆዳዋን አላገኘሁትም። ብሩሹ የሚደርሰው ከላይ ከላይ ብቻ ነበር። ከሥሩ ያለው ፀጉር ተጣብቆ እንደ ምንጣፍ ሆኗል። ማበጠር አይቻልም፤ መላጨት ብቻ ነው የቀረው። አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ፀጉሩ ቁራጭ ቁራጭ ሆኖ አልወደቀም፤ ከጀርባዋ እስከ ሆዷ እንደ ልብስ አንድ ላይ ወለቀ። ከሥሩ ቆዳዋ ቀልቶ፣ ብብቷ ውስጥ ቆስሎ ነበር። በተራመደች ቁጥር ያ ምንጣፍ ቆዳዋን ይጎትተው ነበር ማለት ነው። ስናወርዳት ራሷን አራገፈች። ከዚያ ክፍሉን ሁለት ጊዜ በሩጫ ዞረችው። ወጣቱ አለቀሰ። «እኔ እኮ ሰነፍ ሆና ነው የመሰለኝ» አለኝ።

ስለዚህ ፑድል፣ ሺ ዙ፣ ማልቲዝ ያላችሁ፣ አሠራሩ ይህ ነው። ፀጉሩን በአንድ እጅ ወደ ላይ ያዙት፤ ቆዳው ይታያችሁ። ከሥር ጀምራችሁ፣ ስስ ስስ እያደረጋችሁ ውረዱ። በብሩሽ ከጨረሳችሁ በኋላ ጥርሱ ጠንካራ የሆነ ማበጠሪያ ከቆዳው እስከ ጫፍ አሳልፉ። ካልያዘው ተሳክቷል። ከጆሮ ጀርባ፣ ብብትና ጭን መካከል ቶሎ የሚቋጠርባቸው ቦታዎች ናቸው። ሁሌም ከመታጠቡ በፊት ይበጠር። ቋጠሮ ውሃ ሲነካው ይጠብቃል። በየአራትና በየስድስት ሳምንቱ ደግሞ ይከርከም።

ሀስኪ፣ ሳሞይድ፣ ጀርመን ሸፐርድ ሌላ ዓለም ናቸው። ሁለት ልብስ ለብሰዋል በሉት። ከውጭ ሻካራና ረጅም ፀጉር፣ ከውስጥ ጥጥ የመሰለ ለስላሳ። የውስጡ በዓመት ሁለት ጊዜ ገደማ በብዛት ይረግፋል፤ ያኔ በየቀኑ ማበጠር ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ሀስኪ «ሙቀት ገደለው» ተብዬ ሙሉ በሙሉ ላጨሁት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። የውጭ ፀጉሩ ከፀሐይም እንደሚከላከለው አላሰብኩም። ፀጉሩ ሲመለስ አንዳንድ ቦታ ጥጡ ብቻ በቀለ፤ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ ለወራት ባዶ ቀረ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ሀስኪን የሚያቀዘቅዘው በደንብ የተበጠረ የውስጥ ፀጉር፣ ጥላና ውሃ ነው። መላጫውን አታንሱ።

ግሬይሃውንድ ተቃራኒው ነው። በሰዓት ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል፤ ነገር ግን ቆዳው ስስ ነው፣ ስብም የለውም። ሲበርድ ልብስ ይፈልጋል፣ ጠንካራ ወለል ላይ መተኛት ያቆስለዋል። አንገቱ ከጭንቅላቱ ስለሚወፍር ተራ ማሰሪያ ሾልኮ ይወጣል፤ ሲስብ የሚጠብቅ ሰፊ ማሰሪያ ይሻለዋል። ለቀዶ ሕክምና ሲሄድም ሐኪሙ ዝርያውን ይወቅ፤ አንዳንድ ማደንዘዣ ከሰውነቱ ቶሎ አይወጣም።

ጆሮን በአጭሩ ልለፈው። የኮከር ስፓንየልና የባሴት ሃውንድ ጆሮ ቀዳዳውን ይከድነዋል። ውስጡ ይሞቃል፣ ይረጥባል፣ ይመረቅዛል። በሳምንት አንዴ አሽትቱት። ከሸተተ ወይም ጭንቅላቱን ካራገፈ አሳዩት። የጥጥ እንጨት ወደ ውስጥ አትስደዱ።

ዳክስሁንድን የሚያውቅ ሁሉ አጭር እግሩን ይወዳል። ስሙ በጀርመንኛ የባጀር ውሻ ማለት ነው፤ ባጀር ፍልፈል መሰል ጉድጓድ ቆፋሪ እንስሳ ነው፤ ጉድጓድ ውስጥ ተከትሎት እንዲገባ ነው እግሩ ያጠረው። ችግሩ፣ እግሩን ከሚያሳጥረው የዘረመል ለውጥ ጋር የአከርካሪው ዲስክም ይነካል። በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ለስላሳ ትራስ ገና በወጣትነቱ ይደርቃል፣ ይጠነክራል። አንድ ቀን ከሶፋ ሲዘል ያ የደረቀ ትራስ ፈንድቶ ነርቩን ይጫነዋል። ጠዋት ይሮጥ የነበረ ውሻ ማታ የኋላ እግሩን ይጎትታል። አልጋና ሶፋ አጠገብ መወጣጫ አድርጉለት። ስታነሱት አንድ እጅ ደረቱ ሥር፣ አንድ እጅ ቂጡ ሥር ይሁን፤ ጀርባው አግድም ይቆይ። ኪሎው አይጨምር። ሲነካ ከጮኸ ወይም አረማመዱ ከተንገዳገደ ያኑ ቀን ሐኪም ይየው።

አሁን ከውጭ ወደማይታየው ልግባ። ዳልሜሽን ሲወለድ ነጭ ነው፤ ነጠብጣቡ የሚወጣው ከሁለት ሳምንት ገደማ ጀምሮ ነው። ከዚያ ውብ ቆዳ ጋር ግን ንጹሕ ዝርያ የሆኑት ሁሉ የሚወርሱት ጉድለት አለ። ዩሪክ አሲድን እንደ ሌሎች ውሾች መቀየር አይችሉም። በሽንታቸው ይከማችና ጠጠር ይሠራል። ወንዱ ላይ ይብሳል፤ ቧንቧው ጠባብ ስለሆነ ጠጠሩ ይወተፍበታል። ስለዚህ ጉበትና ኩላሊት የመሳሰሉ የሆድ ዕቃ ሥጋዎችን አትስጡት። ውሃ በብዛት ይጠጣ፤ ምግቡን በውሃ ማርጠብም ይረዳል። ቶሎ ቶሎ ሽንት ቤት አውጡት። እግሩን አንስቶ ምንም ካልወጣ ድንገተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ የዘረመል ተመራማሪ ዳልሜሽንን ከፖይንተር ጋር አንድ ጊዜ አዳቅሎ ዘሮቹን መልሶ ከዳልሜሽን ጋር ማዳቀል ጀመረ። ዛሬ መልካቸው ዳልሜሽን ሆኖ ይህ ጉድለት የሌለባቸው ውሾች አሉ። አንድ ጊዜ ብቻ የተቀላቀለ ደም! ይህን ባሰብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል። ጉዳቱን ያመጣነው እኛ ከሆንን፣ ማስተካከልም እንችላለን ማለት ነው።

ኮሊ ያላችሁ ደግሞ ይህን ጻፉት። ብዙዎቹ ኮሊዎች፣ የአውስትራሊያ ሸፐርዶችም ጭምር፣ ኤም ዲ አር 1 በሚባለው ዘረመል ላይ ለውጥ አላቸው። ይህ ዘረመል መድኃኒት አንጎል ውስጥ እንዳይገባ የሚገፋ በረኛ ይሠራል። በረኛው ከሌለ ለጥገኛ ትላትል የሚሰጠው አይቨርሜክቲን በብዛት ሲሰጥ አንጎል ውስጥ ይገባል። ውሻው ይንቀጠቀጣል፣ ያይ የነበረው አያይም፣ ራሱን ይስታል። ለከብትና ለፈረስ የተዘጋጀውን ለውሻ መስጠት ለማንኛውም ውሻ አደገኛ ነው፤ ለኮሊ ግን ሞት ነው። ምርመራው ቀላል ነው። በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ይደረግለታል፣ ውጤቱ ለዘለዓለም ይሠራል።

ላብራዶርስ? ላብራዶር ሁሌ ይርበዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካጠኗቸው ላብራዶሮች ሩብ ያህሉ የጥጋብን ስሜት የሚያዛባ የዘረመል ለውጥ እንዳለባቸው አሳይተዋል። ስለዚህ ዓይኑን አንከራቶ ሲያያችሁ እያታለላችሁ አይደለም፤ በእውነት ርቦታል። ግን ዓይኑን አትመኑ፤ መለኪያውን እመኑ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ አንድ ጥናት 48 ላብራዶሮችን ከቡችላነት እስከ ሞት ተከታትሏል። ግማሾቹ ከአቻዎቻቸው በ25 በመቶ ያነሰ በሉ። በአማካይ ሁለት ዓመት ገደማ የበለጠ ኖሩ፤ መገጣጠሚያቸውም ዘግይቶ ነው የታመመው። እኔ የማውቀው ምንም ዓይነት መድኃኒት ይህን ያህል ዕድሜ አይጨምርም። ጎድን ጎኑን ዳብሱት። አጥንቱ ሳይታይ በጣታችሁ ሊቆጠር ይገባል።

ስለ ጠባይ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። እዚህ ላይ ዝርያ ከምናስበው ያነሰ ነው የሚነግረን። እ.ኤ.አ. በ2022 ከ18 ሺህ በላይ ውሾችን የዳሰሰ ጥናት፣ በግለሰብ ውሾች መካከል ካለው የጠባይ ልዩነት ዝርያ የሚያስረዳው 9 በመቶ ያህሉን ብቻ መሆኑን አግኝቷል። አካል ግን በዝርያ ይወሰናል። ስለዚህ ውሻ ልትወስዱ ስትሄዱ «ጠባዩ እንዴት ነው?» የሚለውን ለዚያው ለቡችላው ተዉትና ስለ ወላጆቹ አካል ጠይቁ። እናቱን አሳዩኝ በሉ። ትንሽ አስሮጧትና ትንፋሿን አዳምጡ። ጀርመን ሸፐርድ ከሆነ የወላጆቹን የዳሌ ራጅ ጠይቁ። ካቫሊየር ከሆነ የልብ ምርመራ። በእርግጥ በኖርዌይ ፍርድ ቤቶች የካቫሊየርን ማራባት ከእንስሳት ደህንነት ሕግ ጋር ይጋጫል ብለው ወስነዋል፤ የልቡ ሕመምና ለአንጎሉ የጠበበው የራስ ቅሉ ናቸው ምክንያቶቹ። ሻጩ ጥያቄ ካበዛችሁበት ከተቆጣ፣ ትታችሁ ውጡ።

ወደ ፓጉ ልመለስ፤ ቃል ገብቼ ነበር።

እማማ መጀመሪያ ቀዶ ሕክምናውን ፈሩት። «ፊቱ ይበላሽብኛል?» አሉኝ። አይበላሽም አልኳቸው። የአፍንጫውን ቀዳዳ ጠርዝ ትንሽ ቆርጠን አሰፋነው። ከጉሮሮው የተንጠለጠለውን ትርፍ ላንቃ አሳጠርነው። ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ቤቱ ሄደ።

በሳምንቱ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። እማማ ናቸው። ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል።

«ዶክተር፣ ልጄ፣ ውሻው ድምፅ የለውም። ጠፍቶብኝ ተነሳሁ፣ በጎኑ ተጋድሟል፣ ዝም ብሏል።»

እኔም ደነገጥኩ። «እጅዎን ደረቱ ላይ ያድርጉት» አልኳቸው።

ዝም አሉ። እኔም ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ ዝም አልኩ።

«ይተነፍሳል» አሉ ቆይተው። «ልጄ፣ ተኝቷል እኮ።»